የውሻውንና የድመቷን መጽሐፍ ማን ይጻፍልን?

ሕፃን ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት እንስሳ ይቆጥራል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር የሚወለድ ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው ግልገልና ጥጃ እንዲጠብቅ ይሰማራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዷን በግ መልክ፣ የእያንዳንዱን በሬ ጠባይ፣ የውሻውን አጯጯኽ ለይቶ ያውቃል። ውሻ ለጅብ ሲጮኽና ለእንግዳ ሲጮኽ ድምፁ አንድ አለመሆኑን ከተሜው አይለየውም፤ የስማዳው እረኛ ግን በመኝታው እንደ ተጋደመ ይነግርዎታል። ይህን የሚያህል ዕውቀት የያዘ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት በሚገባበት ጊዜ ዕውቀቱን እንደ በትሩ ከደጅ አስቀምጦ እንዲገባ ይደረጋል። የሚሰጠው መጽሐፍ፣ እርሱም ከተገኘ፣ የእርሱን ውሻና የእርሱን ድመት አያውቃቸውም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ስለ ቤት እንስሳት የሚናገሩ፣ በሥዕል የተሞሉ፣ ለሕፃናት የሚሆኑ ትንንሽ መጻሕፍትን በራስ ወጪ ስለ ማሳተም ነው። «ሰው ስለ እህል ዋጋና ስለ ማዳበሪያ በሚጨነቅበት ጊዜ እናንተ የድመት ሥዕል ታወራላችሁን?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በልዩ ልዩ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተመርምሮ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ስንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት ተመላልሶ አንዲት ቃል ያላነበበ ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ዋና ያለ ውኃ እንደማይለመድ ሁሉ ንባብም ያለ መጽሐፍ አይለመድም። በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን በኅብረት እየጮኸ የሚደግም ልጅ ጆሮው ተማረ እንጂ ዓይኑ አልተማረም።

ይህ የሚሆነው ደግሞ ትምህርት ባልነበረበት አገር አይደለም። በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ነው። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከየአገሩ ወደዚያ ሲጎርፍ የኖረ ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መጽሐፍን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጃቸው የሚያዘጋጁ ሰዎች የኖሩበት አገር መጽሐፍን በራስ ጥረት ማውጣት እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም። ቁም ጸሐፊው ራሱ ጸሐፊ፣ ራሱ አታሚ፣ ራሱ ጠራዥ አልነበረምን?

እንዲያውም ለሕፃናት የሚሆን አንድ ድንቅ ታሪክ በዚያ አገር በየመንደሩ ተዘርግቶ ሰብሳቢ አጥቷል። የቆሎ ተማሪና የመንደር ውሻ ጠብ ነው። ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሊል ወደ ደጃፍ ሲጠጋ ውሻው ይነሣል፤ ተማሪው በትሩን ያስቀድማል፤ የቤቲቱ እመቤት ትወጣለች፤ ቁራሽ ይሰጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ውሻ ያንኑ ተማሪ ከሩቅ አይቶ ጅራቱን ይቆላል። ይህ ነገር በአሥራ ስድስት ገጽ ሥዕልና በአሥራ ስድስት ዐረፍተ ነገር ቢነገር የማይስቅበት የእስቴ ልጅ ማን ነው? አያቱም ሲነበብ ቢሰሙ የተማሪነታቸውን ዘመን ማስታወሳቸው አይቀርም።

ስለ ሥዕሉ ካነሣን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ታይቶ፣ ኃጥእ ደግሞ በጐኑ አንድ ዓይኑ ብቻ ታይቶ ይሣላል። በዚህ ሥራ የለመደ ሠዓሊ ድመትን ቢሥል አይጥ ስታደባ ከጐኗ ሊያሳያት ግድ ይሆንበታል፤ እርሷ ግን ወንጀለኛ አይደለችም። ሥርዐቱን ለቅዱሳን ትቶ ለድመት ሌላ ዓይን ማበጀት ሊኖርበት ነው።

በአማርኛ ለልጆች ምንም አልተጻፈም ማለት ሐሰት ይሆናል። የክቡር ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» የእንስሳትን ተረት በግጥም ለትውልድ አስተምሯል። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው፣ የተረት መጻሕፍትም አሳትመው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረ፤ ከሞስኮም በአማርኛ የተተረጐሙ፣ ሥዕላቸው ያማረ፣ ዋጋቸው የረከሰ የልጆች መጻሕፍት ይመጡ ነበር። የዚያ ዘመን ልጅ የሩስያን ድብ ከሰሜን ተራራ ቀይ ቀበሮ ይልቅ ያውቀው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በራስ ጥረት ማሳተምን ካነሣን የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። አቶ ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሠራተኛ ሳሉ በመደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ቋንቋ መጻሕፍት ሲያዩ የአማርኛ ግን አጡ። በዚህም ምክንያት ስለ ሞኙ ማሞ የሚነገረውን የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በቀለም ሥዕል አስጊጠው እ.ኤ.አ. በ2002 አወጡ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ በአዲስ አበባ በሾላ ሠፈር ለተከፈተው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት መነሻ ሆነ። ቆይቶም በአዋሳ በአህያ የሚጐተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። አህያ ለመጽሐፍ ርእስ ብቻ ሳይሆን ለመጽሐፍ አከፋፋይም እንደምትሆን ያን ጊዜ ታየ። ከወገዳ ወደ ዐባይ በረሓ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ወይዘሮ ጄን ከርትዝ በማጂ ያደጉ አሜሪካዊት ደራሲ ናቸው። ከወንድማቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት የሥዕል መጽሐፍ በአዲስ አበባ እርግብ የሚያረባ አንድ ልጅን የሚተርክ ነው። የኢትዮጵያዊ ልጅና የገዛ እንስሳው ታሪክ በመልካም ሥዕል ታትሞ የወጣው በእንግሊዝኛ፣ በባሕር ማዶ፣ ለባሕር ማዶ ልጆች መሆኑን ስናስብ ደራሲዎቹን እናመሰግናለን፤ ራሳችንንም እንታዘባለን። አሁንም በሲያትል ከተማ የተቋቋመው ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ የተባለው ድርጅት ከወይዘሮ ጄን ጋር ሆኖ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ጋር የተጻፉ ከ100 በላይ ትንንሽ የሥዕል መጻሕፍት አውጥቷል። ገዢ ባዘዘ ጊዜ ብቻ አንድ አንድ ቅጂ እየታተመ የሚላክበት የአሠራር ዘዴ አለ፤ በዚህ ዘዴ ደራሲው ሺህ ቅጂ አሳትሞ ከአልጋ ሥር ከማከማቸት ይድናል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍልና ፖስታ ከደጁ ለሚደርሰው ሰው የተዘጋጀ ነው። የታች ጋይንት አርብ ገበያ መምህር በዚህ መንገድ መጽሐፍ ሊያዝ አይችልም።

ስለዚህ ለእርሱ የሚስማማውን አብነት ከፈለግን ወደ ኋላ ሄደን በእንግሊዝ አገር እናገኘዋለን። ቢያትሪክስ ፖተር የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1893 የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ ታሞ ቢተኛባት፣ ምን እንደምትጽፍለት ቢጨንቃት፣ ስለ አራት ጥንቸሎች የሚናገር ታሪክ በሥዕል አድርጋ በደብዳቤ ላከችለት። ከጥንቸሎቹ አንዱ ፒተር የሚባለው በቤቷ ታሳድገው የነበረው የገዛ ጥንቸሏ ስም ነው። ልጁ ደብዳቤውን በደኅና አስቀምጦት ነበርና ከዓመታት በኋላ ተውሳ ገለበጠችውና ወደ አሳታሚዎች ላከችው። አሳታሚዎቹ አልተቀበሏትም። ከእነርሱ ዘንድ ያላስማማትም አንዱ ነገር የመጽሐፉ መጠንና ዋጋ ነበር፤ እርሷ የፈለገችው ለትንንሽ እጅ የሚመች፣ ልጅ በሳንቲሙ ሊገዛው የሚችል ትንሽ መጽሐፍ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 በገዛ ገንዘቧ 250 ቅጂ አሳተመች። ሥዕሎቹ ከመክፈቻው በስተቀር በጥቁር መስመር ብቻ ነበሩ፤ ቀለም ውድ ነበርና። ቀድሞ እንቢ ካሏት አሳታሚዎች አንዱ በሚቀጥለው ዓመት በቀለም ሊያወጣው ተስማማ፤ የመጀመሪያው 8,000 ቅጂ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ተሽጦ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ እኛን የማረከን ሌላ ነገር ነው። የፒተር አባት በአትክልተኛው ቤት ተጋግሮ መበላቱን እናቱ ገና በታሪኩ መጀመሪያ ለልጆቿ ትነግራቸዋለች። ደራሲዋ አልደበቀችም፤ አልሰበከችም። የእኛ የልጆች ጸሐፊዎች ግን ታሪኩን በሦስት ገጽ ጨርሰው ምክሩን በአምስት ገጽ ያስከትላሉ። «ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ምን ትማራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ መጽሐፉን የማይከድን ልጅ አላየንም።

እውነትን አለመደበቅ በተለይ ለጋይንት ልጅ አስፈላጊ ነው። በባሕር ማዶ መጻሕፍት ውሻ በአልጋ ላይ ተኝቶ፣ ድመት በሳሕን ወተት ቀርቦላት ይታያል፤ በጐም መቼም አይታረድም። በእኛ አገር ውሻ የሚያድረው ከደጅ ነው፤ ድመት የምትከበረው ጐተራውን ከአይጥ በመጠበቋ ነው። ልጁ ከግልገልነቷ ጀምሮ ያሳደጋት በግ ደግሞ ለፋሲካ ትታረዳለች፤ ወይም ዝናብ ሲቀር ለእህል መግዣ ወደ ገበያ ትነዳለች። ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች ድርቅ የሚመላለስባቸው አገሮች ናቸው፤ ብዙ ቤተ ሰብ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሲረዳ የቆየባቸው ናቸው። በግ ስትሸጥ አባት ዋጋዋን ይቆጥራል፤ ልጁ የሚቆጥረውን ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ይህን የልጅ ሐዘን ሳያቃልልና ሳያጋንን የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ሥራው ከብዙ ልብ ወለድ ይበልጣል። አባቶቻችን «ላሜ ቦራን» ሲተርኩልን እኮ የሙት ልጆችን ስታጠባ የነበረችው ላም በእንጀራ እናት ተንኰል መታረዷን አልሸሸጉንም፤ አልቅሰን ሰማን፤ ግን ደግሞ እንዲተርኩልን ለመንናቸው።

ከዚህም የሚብስ ጉዳይ አለ። ስለ ውሻ የሚጻፍ መጽሐፍ ሕይወት ሊያድን ይችላል። በውሻ እብደት በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት የዓለም የጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶ አርባ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከነከሰ በኋላ ምልክቱ ሳይታይ ግን መዳን ይቻላል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። በገጠር ግን ልጅ በውሻ ሲነከስ ግርፋት ፈርቶ ይደብቃል፤ ቤተ ሰብም ሲያውቅ ከአንዱ ባለ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲመላለስ ቀኑ ያልፋል። «ውሻ ቢነክስህ ለእናትህ ንገር» የሚል አንድ ሥዕል፣ ልጁ ሲናገር እናቲቱ ሳትቆጣ እግሩን በሳሙና ስታጥበው የሚያሳይ፣ ከብዙ የጤና ትምህርት ንግግር ይልቅ ይረዳል። ሥዕሉን ልጁ ብቻ ሳይሆን እናቲቱም ታያለችና።

እንግዲህ መጽሐፉ እንዴት ይሠራ? አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ገጹ ታትሞ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ በባሕር ማዶ የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነውም ከዚሁ ከወረቀት አተጣጠፍ የተነሣ ነው። ለጀማሪ 16 ገጽ ይበቃል። ሙሉ ቀለም አራት ፕሌት ይጠይቃል፤ ጥቁር ብቻ አንድ ፕሌት ይበቃዋል። የፕሌቱ ወጪ ለ500 ቅጂም ለ2,000 ቅጂም ያው ስለሆነ ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ግን ከውጭ የሚገባ ነውና ርካሽ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ ፖተር በጥቁር መስመር ቢሆን አናፍርበትም። ልጁ ራሱ ቀለም ይቀባዋል።

ጽሑፉን በተመለከተ ለአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ከበቂ በላይ ነው። አማርኛችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን በፊደል አይለይም። «ድመቷ አለች» የሚለውን ጀማሪ አንባቢ «ተናገረች» ይበለው ወይስ «በዚህ ትገኛለች» ይበለው? ቃሉን የሚፈታው ሥዕሉ ነው። ድመቷ አፏን ከፍታ ከሆነ «ሚያው» ልትል ነው፤ ከጐተራው ሥር ጭራዋ ብቻ ከታየ በዚያ መኖሯ ነው። ስለዚህ ጸሐፊና ሠዓሊ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው መሥራት አለባቸው እንጂ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ «ሥዕል ጨምርበት» ተብሎ ለማያውቀው ሰው መላክ የለበትም። በአዲስ አበባ የተቀመጠ ሠዓሊ ፈረስ ሣል ቢሉት ፈረስ ይሥላል። የጋይንት ልጅ ግን መጋላ ነው ወይስ ዳማ? አምባላይ ነው ወይስ ጉራቻ? ብሎ ይጠይቃል፤ በሬውም ዳልቻ ከተባለ ዳልቻ መሆን አለበት። ረቂቁን ለሕትመት ከመስጠት በፊት ለአሥር እረኞች ማሳየት ከአሥር ሃያሲ ይሻላል። ሠዓሊውም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በሥዕሉ ላይ የራሱ መብት አለውና ድርሻው ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይወሰን፤ ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ሽያጩን እንዴት እናድርገው የሚለው ከሁሉ የሚከብደው ነው። በአገራችን ደራሲ በራሱ ወጪ ማሳተሙ የተለመደ ነው፤ የመጽሐፍ አዟሪውም በአዲስ አበባ ብዙ ነው። ነፋስ መውጫ በወረታና ወልድያ ዋና መንገድ ላይ ስላለች መጽሐፍ ሊደርሳት ይችላል፤ ወገዳ ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ አስተያየት ከመጽሐፍ አዟሪ ይልቅ መምህራን ይሻላሉ። በደብረ ታቦር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ዩኒቨርሲቲም አለ። ከዚያ ወደየወረዳው የሚሄድ አዲስ መምህር በሻንጣው ሃያ ቅጂ ይዞ ቢሄድ የአህያዋን ሥራ ያቀልላታል። ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ከቆየው የድጋፍ ገንዘብ ጥቂቱ ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ መግዣ ቢውል ደራሲው ሁለተኛውን ሊያሳትም ይችላል። በነፃ ማደልን የሚወዱ በጎ አድራጊዎች አሉ፤ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን አድለው ሲሄዱ ደራሲው ከነባዶ ኪሱ ይቀራል። ገዝተው ቢያድሉ ሁለት ሰው ይጠቅማሉ።

ጊዜው አመቺ ነው አንልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ሕዝቡን ጐድቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቋል። ነገር ግን በኪስ የሚገባ ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ ሰሌዳም ደወልም አይሻም፤ ከግልገሎቹ ጋር ወደ መስክ ይወርዳል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጁ የሚያገኘው ንባብ ምናልባት ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሽፋኑ የጉናን ዝናብ የሚችል ወፍራም ወረቀት ቢሆን፣ ስፌቱም የማይላቀቅ ሽቦ ቢሆን እንመርጣለን።

መጽሐፉን የሚያዘጋጅ ሰው በአዲስ አበባ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሲታተምም ለዚያው ቤት የሚገባውን ቅጂ ይላክ። በዚያ መደርደሪያ ላይ ከእስቴም ሆነ ከስማዳ የተላከ የድመት መጽሐፍ ቢደርስ ይህ ገጽ አንባቢዎቹን ለማስተዋወቅ ቦታ አይነፍገውም፤ የበሬውን ቀለም ግን አስቀድመን እንመረምራለን።